ቮልት አለ፣ ብርሃን የለም፤ የአሮጌ ያት የውስጥ መብራት ብልሽት

የሙያ ትምህርት ዝግጅታችን ዛሬ ወደ ባሕር ይወርዳል። ርዕሳችን ሠላሳና አርባ ዓመት ያገለገለ የመዝናኛ ሞተር ጀልባ፣ በተለምዶ ያት የሚባለው፣ የውስጥ መብራቱ ሲታወክ ብልሽቱ ተፈልጎ የሚገኝበት መንገድ ነው። በባሕረ ሰላጤው አገሮች የጀልባ ማቆሚያዎች የምትሠሩ፣ በአሜሪካ በኤሌክትሪክ ሙያ የተሰማራችሁ፣ ከባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ የማሪታይም አካዳሚ ወጥታችሁ በመርከብ ላይ የምታገለግሉ ወገኖቻችን፣ ጉዳዩ በቀጥታ ይመለከታችኋል። ጀልባ ረግጦ የማያውቅ አድማጭም አይራቅ፤ ገጠር ቤቱ በሶላርና በ12 ቮልት ባትሪ የሚበራለት ሰው ዛሬ የምንናገረውን አብዛኛውን እቤቱ ይሠራበታል።

የአሮጌ ጀልባ ባለቤቶች አቤቱታ ተመሳሳይ ነው። የሳሎኑ መብራት ፈዟል። የፊተኛው መኝታ ክፍል መብራት ሲፈልግ ይበራል፣ ሲፈልግ ይጠፋል። አምፖሉ ተቀይሯል፣ ባትሪውም አዲስ ነው፣ ለውጥ ግን የለም። አምፖሉን ማየት ተገቢ ነው፤ ጊዜም አይፈጅም። በተለይ ግርጌው ላይ የተጻፈውን ቮልት አንብቡት። ጀልባው 12 ቮልት ሆኖ የቀድሞው ባለቤት ባለ24 ቮልት አምፖል ሰክቶበት ከሆነ፣ አምፖሉ ከሙሉ ብርሃኑ ከአሥር እጅ አንዱን ያህል ብቻ እየሰጠ ጭል ጭል ይላል፤ ሌላው ሁሉ ጤነኛ ነው። ትክክለኛው አምፖል ገብቶም መብራቱ ካልተሻለ ግን አምፖል መለዋወጡን አቁሙ። በዚህ ዕድሜ ባለ ጀልባ ላይ መብራት የሚያጠፋው በአብዛኛው ሽቦ ከሽቦ፣ ሽቦ ከማብሪያው፣ ሽቦ ከፊውዙ የሚገናኝበት ቦታ ነው፤ ኮንታክቱ ነው። ይህን ደግሞ የሚያጋልጠው መብራቱ እየበራ የሚወሰድ ልኬት ነው። የዛሬው ትምህርት ማዕከል ይህ ስለሆነ እመለስበታለሁ።

ከዚያ በፊት ስለ ሕይወት እንነጋገር። በያት ውስጥ ሁለት ዓይነት ኤሌክትሪክ ጎን ለጎን ይኖራል። አንደኛው ከባትሪ የሚመጣው ዲሲ ነው፤ 12 ወይም 24፣ በአንዳንድ አሮጌ ጀልባዎች ደግሞ 32 ቮልት። ሁለተኛው ጀልባው ወደብ ላይ ሲታሰር በወፍራም ኬብል ከየብስ የሚመጣው፣ ወይም ጄኔሬተርና ኢንቨርተር የሚሰጡት ኤሲ ነው፤ በአሜሪካ 120፣ በአውሮፓና በባሕረ ሰላጤው 230 ቮልት አካባቢ። የባትሪው ኤሌክትሪክ ሰውን አይጨብጥም፣ እሳት ግን ያስነሳል። ኤሲው ይገድላል። በአንድ ሳሎን ጣሪያ ላይ ከፊሉ መብራት በባትሪ፣ ከፊሉ በኤሲ ሊሠራ ስለሚችል፣ የመብራቱን ክዳን ከመፍታታችሁ በፊት የየብሱን ኬብል ንቀሉ፣ ጄኔሬተሩን አቁሙ፣ ኢንቨርተሩንም አጥፉ። ብዙ ሰው ኢንቨርተሩን ይረሳዋል፤ ኬብሉ ተነቅሎ እንኳ እሱ ከባትሪው ወስዶ 120 ወይም 230 ቮልት በሽቦዎቹ ውስጥ ሊያቆይ ይችላል።

አሜሪካ የተሠሩ አሮጌ ጀልባዎች ላይ አንድ ተጨማሪ ወጥመድ አለ። የባትሪው ነጋቲቭ ሽቦ ጥቁር ነው። በዚያው ጀልባ የኤሲው ኃይል ተሸካሚ ሽቦም ጥቁር ነው። ሁለቱ በአንድ ጠባብ ቀዳዳ ሲያልፉ ዓይን አይለያቸውም። የአሜሪካ የጀልባና ያት ምክር ቤት በሚያወጣው የሥራ ደረጃ ለዲሲ ነጋቲቭ ቢጫ ሽቦ መጠቀምን ያስገባው ይህ መምታታት እንዳይደርስ ነው፤ በጥቁር የተሠሩት አሮጌ ጀልባዎች ግን ዛሬም በየወደቡ አሉ። ስለዚህ ጥቁር ሽቦ ስታዩ፣ ለክታችሁ እስክታረጋግጡ ድረስ ኤሲ ነው ብላችሁ ያዙት።

አሁን ወደ ብልሽቱ። መሣሪያ ከማንሳታችሁ በፊት ጀልባው ውስጥ ተዘዋውራችሁ እያንዳንዱን መብራት አብሩና የታመሙትን መዝግቡ። የታወከው አንድ መብራት ብቻ ከሆነ ችግሩ እዚያው መብራቱ ዘንድ ነው፤ አምፖሉ የሚቀመጥበት መያዣ፣ ውስጡ ያለችው ትንሽ ስፕሪንግ፣ ወይም የራሱ ማብሪያ። በአንድ ክፍል ያሉት በአንድነት ከፈዘዙ፣ የጋራቸው የሆነ አንድ መገናኛ ተበላሽቷል። የጀልባው መብራት በሙሉ ከፈዘዘ ደግሞ ወደ ባትሪው፣ ወደ ዋናው ማብሪያና ወደ ነጋቲቮች መሰብሰቢያ ውረዱ። መብራቶች ብዙ ጊዜ አንዱ ከሌላው እየተቀጠለ ስለሚሄዱ፣ በትክክል የሚበራውን የመጨረሻ መብራትና የማይበራውን የመጀመሪያ መብራት ለዩ፤ ብልሽቱ ከሁለቱ በአንዱ ክዳን ሥር ወይም በመካከላቸው ባለው ሽቦ ላይ ነው። ሞተር ሲነሳ ብቻ የሚርገበገብ መብራት ንዝረት የሚያላቅቀው የላላ ኮንታክት አለበት። የውኃው ፓምፕ በተነሳ ቁጥር ሁሉም መብራት የሚደበዝዝ ከሆነ ባትሪውን ወይም ከባትሪው የሚወጣውን ዋና ኬብል ጠርጥሩ።

እንግዲህ ወደ ልኬቱ እንመለስ። እስከ ዛሬ ብዙ ሰዓት ያባከነው ስሕተት ይህ ነው፤ ሰውዬው አምፖሉን ይነቅላል፣ የመልቲሜትሩን ሁለት ጫፎች እመያዣው ውስጥ ያስገባል፣ መሣሪያው 12.6 ይላል። «ኤሌክትሪኩ ደርሷል፤ እንግዲያው አምፖሉ ነው» ይላል። አዲስ አምፖል ይሰካል፤ አይበራም። መሣሪያው አልዋሸም፤ ጥያቄው ነው የተሳሳተው። ተራ ዲጂታል መልቲሜትር የውስጥ ተቃውሞው 10 ሚሊዮን ኦም ያህል ስለሆነ ከመስመሩ የሚወስደው ኤሌክትሪክ ከምንም አይቆጠርም። ሽቦው በዝገት ተበልቶ አንዲት ጭራ ብቻ ብትቀረው እንኳ መልቲሜትሩ ሙሉውን 12.6 ያሳያል። አምፖሉ ግን አንድ ወይም ሁለት አምፔር ይጠይቃል፤ ያቺ አንዲት ጭራ ያንን ማሳለፍ አትችልም። አምፖሉ በተሰካበት ቅጽበት ቮልቱ ይወድቃል።

ስለዚህ አምፖሉ ተሰክቶ፣ ማብሪያው በርቶ፣ የተቻለው ሁሉ መብራት አብሮ እየበራ ለኩ። አስቀድማችሁ ባትሪው ላይ ለኩ፤ ቻርጀር ያልተሰካበትና ያረፈ ጤነኛ የ12 ቮልት የሊድ አሲድ ባትሪ ሙሉ ሲሆን 12.6 ወይም 12.7 ያሳያል፣ 12.2 አካባቢ ከሆነ በግማሽ ወርዷል። ቀጥላችሁ አምፖሉ ላይ ለኩ። ባትሪው ላይ 12.5፣ አምፖሉ ላይ 10.3 ካገኛችሁ 2.2 ቮልት በመንገድ ጠፍቷል ማለት ነው። የአሜሪካው ምክር ቤት ደረጃ ለካቢን መብራት የሚፈቅደው ብክነት ከመቶ 10፣ ማለትም በ12 ቮልት ጀልባ 1.2 ቮልት ነው። ጀልባው በሌሊት ለሌሎች እንዲታይ ለሚያበራቸው የጉዞ መብራቶች ደግሞ ከመቶ 3 ብቻ ይፈቅዳል።

የጠፋው ቮልት የት እንደቀረ ለማወቅ ረጅም ሽቦ ያስፈልጋችኋል፤ ከባትሪው እስከ ጀልባው ጫፍ የሚደርስ ቀጭን ሽቦ። አንዱን ጫፍ በባትሪው ፖዘቲቭ ላይ አስራችሁ ሌላውን ከመልቲሜትሩ ጋር አገናኙ፤ የመልቲሜትሩን ሁለተኛ ጫፍ መብራቱ እየበራ በአምፖሉ ፖዘቲቭ ላይ አሳርፉ። የምታነቡት ቁጥር በመሄጃው መንገድ የጠፋው ነው። ያንኑ በነጋቲቭ በኩል ድገሙ፤ ያ በመመለሻው የጠፋው ነው። የታመመውን መንገድ ካወቃችሁ በኋላ ከአንድ ጫፍ ጀምራችሁ እያንዳንዱን መገናኛ አትቁጠሩ። ከመሃል ጀምሩ። ከባትሪው እስከ መሃሉ ቮልት ካልጠፋ ያን ግማሽ ተዉት፣ የቀረውን ግማሽ እንደገና ለሁለት ክፈሉ። ሃያ መገናኛ ያለው መስመር በአራት ወይም በአምስት ልኬት ያልቃል።

ነጋቲቩን በተለይ አደራ እላለሁ። መኪና ላይ የሠራ ባለሙያ ጀልባ ሲነካ የሚሳሳተው እዚህ ነው። መኪና የብረት አካሉን እንደ መመለሻ ሽቦ ይጠቀማል። የያቱ አካል ግን በአብዛኛው ፋይበርግላስ ነው፤ ኤሌክትሪክ አያስተላልፍም። ለእያንዳንዱ መብራት የሚሄድ ሽቦ እንዳለ ሁሉ የሚመለስም ሽቦ አለ፤ በመመለሻው ላይም በመሄጃው ላይ ያሉትን ያህል መገናኛዎች አሉ። ፊውዝና ብሬከር የሚቀመጠው በፖዘቲቩ ላይ ስለሆነ የሰው ዓይን ሁሉ ወደዚያ ያያል። ነጋቲቮች የሚሰበሰቡበት የናስ ዘንግ ግን ብዙ ጊዜ ከፓነሉ ጀርባ፣ ጨለማና እርጥበት ባለበት፣ ለዓመታት እጅ ሳይነካው ይቀመጣል። ፈጣን መፈተኛ ካስፈለጋችሁ ያንኑ ረጅም ሽቦ ከባትሪው ነጋቲቭ አምጥታችሁ ከፈዘዘው መብራት ነጋቲቭ ጋር አነካኩት። መብራቱ ወዲያው ቦግ ካለ ብልሽቱ በመመለሻው ነው።

መዳብ ለምን እንዲህ ይሆናል? የባሕር አየር ጨው ይሸከማል፤ ጨው ደግሞ እርጥበት ይስባል። ያልተለበጠ መዳብ ጫፉ ላይ አረንጓዴ ያወጣል፣ ከዚያም እርጥበቱ በጭራዎቹ መካከል እየተሳበ በላስቲኩ ሥር ወደ ውስጥ ይዘልቃል። ጫፉን ስትልጡት ጥቁር ሆኖ ታገኙታላችሁ። ለዚህ ነው ለባሕር የሚሠራ ጥሩ ሽቦ እያንዳንዱ ጭራው በቆርቆሮ የሚለበጠው። በአሮጌ ጀልባ ላይ ሁለተኛው የውኃ ምንጭ ከላይ ያለው ወለል ነው። የእጅ መደገፊያው የታሰረበት ብሎን ዙሪያ ያለው ማሸጊያ ሲደርቅ ዝናብ ይገባል፤ ውኃው በጣሪያው ሽፋንና በፋይበርግላሱ መካከል ተንሸራቶ ሽቦውን ተከትሎ መብራቱ ላይ ይወርዳል። የጣሪያ መብራት ከፍታችሁ አረንጓዴ ዝገት ካያችሁ መብራቱን መቀየር ብቻውን አይበቃም። ከላይ ያለውን ብሎን ፈልጋችሁ አሽጉ፤ አለዚያ አዲሱም መብራት መዛጉ አይቀርም።

የደበዘዘ መብራት ጉዳይ ከምቾት ያልፋል የምለው ለምን እንደሆነ በቁጥር ላሳያችሁ። ስድስት ባለ20 ዋት አምፖሎች በአንድ ብሬከር ሥር አሉ እንበል። ሲደመሩ 120 ዋት ናቸው፤ በ12 ቮልት 10 አምፔር ይጠይቃሉ። መስመሩ ላይ አንድ የዛገ መገናኛ አለ፤ ተቃውሞው 0.3 ኦም ብቻ። ይህቺን ተቃውሞ ተራ መልቲሜትር ከራሱ ገመዶች ተቃውሞ አይለያትም። ውጤቷ ግን ትልቅ ነው። አምፖሎቹ 9.6 ቮልት ብቻ ይደርሳቸዋል፤ ብርሃናቸው ከግማሽ በታች ይወርዳል። የቀረው 2.4 ቮልት መገናኛው ላይ ይቀራል፤ በ8 አምፔር ስታባዙት 19 ዋት ሙቀት ይሆናል። ሬዲዮ ጠጋኝ የሚበይድበት ትንሽ ካውያ የሚሰጠውን ያህል ሙቀት፣ ከደረቀ እንጨት ጀርባ፣ በአንዲት ብሎን ላይ፣ መብራቱ በበራበት ሰዓት ሁሉ። ብሬከሩስ? ብሬከሩ አይወርድም። በመስመሩ የሚፈሰው ኤሌክትሪክ ከ10 ወደ 8 አምፔር ቀንሷልና ለብሬከሩ ሁሉም ነገር ሰላም ነው። ብሬከርና ፊውዝ ሽቦን ከሾርት ይጠብቃሉ፤ ከመጥፎ ኮንታክት አይጠብቁም። የመብራት መፍዘዝ እዚህ ላይ የመጀመሪያው ማስጠንቀቂያ ነው።

ፊውዙ ደጋግሞ ሲቃጠልስ? ያ ሌላ በሽታ ነው፤ አንድ ቦታ ላይ ሽቦ ተልጦ ይነካካል። መድኃኒቱ የተላጠውን ፈልጎ ማግኘት ነው። በ10 አምፔር ፊውዝ ፋንታ 20 የሚያስገባ ሰው ፊውዙ እንዳይቃጠል አድርጎ ሽቦው እንዲቃጠል ፈቅዷል። ይህን የሚያደርግ ሠራተኛ ካያችሁ አስቁሙት።

ስለ 32 ቮልት ያነሳሁትን አልረሳሁም፤ ምክንያቱም በአሮጌ የአሜሪካ ያት ላይ ለመጀመሪያ ጊዜ የሚገቡ ኤሌክትሪሺያኖችን ይህን ያህል ግራ የሚያጋባ ነገር የለም። ሃተራስ የተባለውን የፋይበርግላስ ጀልባ ኩባንያ ዊሊስ ስሌን በ1959 የመሠረተው በሰሜን ካሮላይና ሃይ ፖይንት፣ ከባሕር ርቃ በምትገኝ የቤት ዕቃ ከተማ ነው። ጃክ ሃርግሬቭ የነደፈው የዚሁ ኩባንያ ባለ53 ጫማ ሞተር ያት ከ1960ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ ለረጅም ዓመታት የተሠራ ሲሆን፣ ብዙዎቹ ላይ የመብራቱ ዲሲ 32 ቮልት ነው። ይህ ቁጥር ከአሜሪካ ገበሬዎች ቤት የመጣ ልማድ ነው። የኤሌክትሪክ መስመር ገጠር ከመድረሱ በፊት፣ ከ1916 ጀምሮ፣ ቻርልስ ኬተሪንግ ያቋቋመው የዴልኮ ላይት ኩባንያ ለእርሻ ቤቶች አነስተኛ ሞተርና የባትሪ ስብስብ ይሸጥ ነበር፤ አሥራ ስድስት ባለ2 ቮልት ሕዋሶች ተቀጣጥለው 32። የባቡር ሠረገላዎችም በዚሁ ይበሩ ነበር። በትልቅ ጀልባ ላይ ልማዱ ትርጉም ነበረው፤ 320 ዋት በ32 ቮልት 10 አምፔር ብቻ ሲጠይቅ፣ በ12 ቮልት ግን 27 አምፔር ያህል ይጠይቃል፤ ሽቦው ሊወፍር፣ ዋጋውም ሊንር ነው።

ዛሬ ግን ባለ32 ቮልት አምፖል እንደ ልብ አይገኝም። ባለቤቱ ገበያ ሄዶ «ከ10 እስከ 30 ቮልት» የተባለ ኤልኢዲ ይገዛል፤ ሁለት ቮልት ምን ልዩነት ያመጣል ይላል። ያመጣል። ባለ32 ቮልት የተባለው ባትሪ ሙሉ ሆኖ ሲያርፍ 34 ቮልት አካባቢ ነው፤ ቻርጀሩ ሲሠራ 38 ይደርሳል። ኤልኢዲው ውስጥ ያለው መቆጣጠሪያ ይህን አይችለውም፣ በቀናት ውስጥ አንድ በአንድ ይቃጠላሉ። እንዲህ ባለ ጀልባ ላይ ከ40 ቮልት በላይ የሚችል ኤልኢዲ ምረጡ፤ ወይም 32ን ወደ 12 የሚያወርድ መለወጫ አስገቡና መብራቱን በሙሉ በ12 አድርጉት። ሁለተኛውን እመርጣለሁ፤ ያኔ አምፖሉ በየትም ሱቅ ይገኛል።

ኤልኢዲ ካነሳን ዘንድ ሦስት ነገር ልጨምር። አሮጌው የክር አምፖል ፖዘቲቭና ነጋቲቭ ቢገለበጥበትም ይበራል፤ ብዙው ኤልኢዲ ግን አይበራም። አዲሱ ኤልኢዲ እምቢ ካለ ከመመለሳችሁ በፊት ገልብጣችሁ ሞክሩት፤ ምናልባት ከሃያ ዓመት በፊት አንድ ሰው ሽቦዎቹን አቀያይሮ ማንም አላወቀም ይሆናል። ሁለተኛው የሚያሳስበኝ ነው። ኤልኢዲ ከክር አምፖል አንድ ስድስተኛ ያህል ብቻ ኤሌክትሪክ ስለሚወስድ የዛገውን መገናኛ ይደብቀዋል። መብራቱ ወገግ ይላል፣ ባለቤቱ ተፈወሰ ብሎ ያምናል፣ መገናኛው ግን እንደታመመ ነው። ነገ በዚያው መስመር ላይ ማራገቢያ ሲጨመር መጋሉን ይቀጥላል። ስለዚህ መጀመሪያ መስመሩን አድኑ፣ ከዚያ ኤልኢዲ ግዙ።

ሦስተኛው ስለ ሬዲዮ ነው። የአሜሪካ የባሕር ጠረፍ ጥበቃ በ2018 ባወጣው የደኅንነት ማሳሰቢያ አንዳንድ የኤልኢዲ መብራቶች የቪኤችኤፍ ሬዲዮን አቀባበል እንደሚያውኩ አስጠንቅቋል። ይህ የጭንቅ ጊዜ ጥሪ የሚተላለፍበት ሬዲዮ ነው። መፈተኑ ቀላል ነው። ኤልኢዲዎቹን በሙሉ አጥፉ፣ ሬዲዮውን ጸጥ ያለ ቻናል ላይ አድርጉ፣ የጩኸት መቀነሻውን የሬዲዮው ሽሽታ ልክ እስኪጠፋ ድረስ ብቻ አዙሩ። ከዚያ መብራቶቹን አንድ በአንድ አብሩ። አንዱ ሲበራ ሽሽታው ከተመለሰ ያ መብራት ከጀልባው መውጣት አለበት።

ጥገናው ከፍለጋው ያጥራል። የጠቆረውን ሽቦ መዳቡ ብሩህ እስኪሆን ወደኋላ ቁረጡ፤ ብሩህ መዳብ ካልተገኘ ሽቦውን በሙሉ ቀይሩ። የሽቦውን ጫፍ በልኩ በተሠራ መጭመቂያ፣ ውስጡ ማጣበቂያ ባለው በሙቀት በሚኮማተር ሽፋን እሰሩ፤ በእጅ ጎትታችሁም ፈትኑት። በቆርቆሮ ብየዳ ብቻ የተያዘ መገናኛ ንዝረትን አይችልም፤ የምክር ቤቱ ደረጃም ብየዳ ብቻውን ሽቦ እንዲይዝ አይፈቅድም። ተጠምዝዞ በናስትሮ የተጠቀለለ ሽቦ ጀልባ ላይ ቦታ የለውም፤ ሙጫው በሙቀት ይቀልጣል፣ እርጥበትም ያስቀራል። ለዓመታት ያልተነኩ ብሬከሮችን ዲሲውን ከዋናው አጥፍታችሁ ደጋግማችሁ አውርዱና ስቀሉ፤ ውስጣቸው ያለው ኮንታክት አንዳንዴ በዚሁ ይጸዳል። የምትከፍቱትን ሁሉ በወረቀት ላይ ሥዕሉን አስቀምጡ፤ ከናንተ በኋላ የሚመጣው ሠራተኛ ያመሰግናችኋል።

አድማጮቻችን፣ አሁን ጀልባ ላይ ሆናችሁ የምታዳምጡን ካላችሁ አንድ ነገር እንጠይቃችኋለን። መብራቱን ሁሉ አብሩና ግማሽ ሰዓት ቆዩ። ከዚያ ፓነሉን ሳትከፍቱ ፊቱን፣ ማብሪያዎቹንና የመብራት ክዳኖቹን በእጃችሁ መዳፍ ዳስሱ። የክር አምፖል ያለበት ክዳን መሞቁ የተለመደ ነው፤ ማብሪያ ወይም ብሬከር ግን ለእጅ ከጋለ፣ ወይም የተቃጠለ ላስቲክ ከሸተታችሁ፣ ነገ አትበሉ። ዋናውን የባትሪ ማብሪያ ዛሬውኑ አጥፉ፣ የየብሱን ኬብል ንቀሉ፣ የጀልባ ኤሌክትሪሺያን ጥሩ፤ እስኪመጣም ድረስ በዚያ ጀልባ ውስጥ ማንም እንዳያድር።